ያገለገለ መካከለኛ ካሜራ ለምትገዙ፦ ከዲ3200 ወደ ዲ7200 ስሻገር ያየሁት

ካሜራ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ አሁን ያላችሁ ካሜራ እምቢ የሚላችሁ የት ላይ ነው? «ፎቶዬ ጥራት ጎደለው» ብላችሁ ብቻ ሱቅ ከገባችሁ ሻጩ ዋጋው ከፍ ያለውን ያወጣላችኋል፤ ቤት ገብታችሁ ስታዩት ግን ፎቶው ያው ነው። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት እያነሳሁ ነው የምኖረው። ሙያውን የሚጀምሩ ልጆች ስቱዲዮ መጥተው ከሁሉ አብልጠው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ስለሆነ የማውቀውን እዚህ ላስቀምጠው።

የተሻገርኩት ከኒኮን ዲ3200 ወደ ኒኮን ዲ7200 ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኛው በ2015 የወጡ ሲሆኑ ሁለቱም 24.2 ሜጋፒክስል ናቸው። ጠዋት በጥሩ ብርሃን፣ በአንድ ሌንስ፣ ቆሞ የሚጠብቃችሁን ሰው በሁለቱም ብታነሱት ደንበኛ የትኛው በየትኛው እንደተነሳ አይለይም። ልዩነቱ የሚወጣው ሰው ቆሞ በማይጠብቃችሁ ጊዜ ነው፦ ሙሽሮች በእልልታ መሃል ሲወጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መብራቱ ደብዝዞ ሻማ ብቻ ሲቀር፣ ሕፃኑ ክርስትና አባቱ እጅ ላይ ሲፈራገጥ። የምትከፍሉት እንዲህ ያለው ፎቶ እንዳያመልጣችሁ ነው። ይህን ካልፈለጋችሁት ብራችሁን ያዙ።

መጀመሪያ ሌንሱን ጠርጥሩ

አብዛኛው ሰው አሁንም የሚሠራው ከካሜራው ጋር አብሮ በመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ይህ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (ኤፍ የአፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ደግሞ ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በ18-55 አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበት መጠን) 6400 የሚያስገባችሁ ቦታ በ50ው ከ700 በታች ይወጣላችኋል። ስለዚህ ቅሬታችሁ «ጨለማ ቦታ ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚበተነው ነጠብጣብ) ይበዛብኛል» ብቻ ከሆነ ቦዲ፣ ማለትም ካሜራውን ራሱን፣ አትቀይሩ፤ ሌንስ ግዙ። ዋጋው ከቦዲው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ በኋላ ቦዲ ስትቀይሩም አብሯችሁ ይሻገራል።

ግን 50ው እነዚህ ካሜራዎች ላይ ሲገጠም ጠበብ አድርጎ ነው የሚያየው። ሴንሰራቸው፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ ትንሽ ስለሆነ ኒኮን ላይ እንደ 75፣ ካኖን ላይ እንደ 80 ይሆናል። ለሰው ፊት ፎቶ ግሩም ነው። ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹን ከነቤተሰቡ አንድ ላይ አስገባለሁ ብትሉ ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም አይበቃችሁም። ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ለኒኮን 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የዲኤክሱን (ለትንሹ ሴንሰር የተሠራውን)፣ ለካኖን 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤስቲኤሙን አስቀድሙ።

የኒኮን ሰዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ዲ3200ም ሆነ ሌሎቹ ዲ3000 እና ዲ5000 ቤተሰቦች ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። ስለዚህ «50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ዲ» የተባለው ርካሹ አሮጌ ሌንስ ሲገጠምባቸው ፎከሱን በእጅ ነው የምታዞሩት። ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበትን መርጣችሁ ግዙ። ዲ7200 ውስጥ ግን ሞተሩ አለ። እኔ ይህን ቦዲ ስይዝ ከተከፈቱልኝ በሮች አንዱ ይኸው ነው፦ 85 ኤፍ 1.8 ዲ እና ያ ከባዱ 80-200 ኤፍ 2.8፣ ማንም ሳይነካቸው አሮጌ ፎቶ ቤቶች መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ሌንሶች፣ በራሳቸው ፎከስ እያደረጉ ይሠሩልኛል። ካኖን ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ የኢኤፍ እና የኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች ሞተራቸው በራሳቸው ውስጥ ነው።

ቦዲ መቀየር የሚገባችሁ መቼ ነው

ተክሊል ላይ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ ወደ በሩ ብርሃን የሚወጡበትን ጊዜ አስቡት። ጥቂት ሰከንድ ናት። ዲ3200 መዞሪያው አንድ ብቻ ነው፤ ማኑዋል (ሁሉን በእጅ የምታስተካክሉበት ሞድ) ላይ ሆናችሁ አፐርቸሩን ልትቀይሩ ስትፈልጉ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ፣ ያንኑ መዞሪያ በአውራ ጣት ታዞራላችሁ። ካኖን 600ዲም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ዲ7200 ላይ ከኋላ አንድ፣ ከፊት አንድ መዞሪያ አለ። አውራ ጣቴ የሻተሩን (ለብርሃን የሚከፈትና የሚዘጋውን መጋረጃ) ፍጥነት፣ አመልካች ጣቴ አፐርቸሩን ትይዛለች፤ ዓይኔ ከቪውፋይንደሩ፣ ከማያው መስኮት፣ ሳይነሳ ሙሽሮቹን ከውስጥ እስከ ደጅ ደረጃው ድረስ እከተላቸዋለሁ። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። በእጄ ላይ ግን ከሁሉም ለውጥ የበለጠው ይህ ነው።

ቀጥሎ ፎከሱ ነው። ኒኮን ራሱ እንዳስቀመጠው ዲ3200 ፎከስ የሚያገኝበት ጨለማ እስከ -1 ኢቪ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ሲሆን ዲ7200 እስከ -3 ይወርዳል። የሁለት ስቶፕ ልዩነት ነው፤ ብርሃኑ ወደ ሩብ ቢወርድም ይይዛል ማለት ነው። የፎከስ ነጥቦቹም ከ11 ወደ 51 ያድጋሉ። ዳር ላይ የቆመችን ሚዜ ዓይን ለመያዝ መሃል ላይ ፎከስ አድርጎ ካሜራውን ማዞር ይቀራል። ከካኖን 600ዲ ወደ 80ዲ የተሻገረ ባልደረባዬም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከ9 ነጥብ ወደ 45 ነጥብ መውጣቱ በተለይ ጃን ሜዳ ላይ ለጥምቀት፣ ሕዝቡና ካህናቱ አብረው ሲንቀሳቀሱ፣ ሥራውን እንደቀየረለት ይናገራል።

ቪውፋይንደሩ ደግሞ አለ። በዲ3200 የምታዩት ሴንሰሩ ከሚይዘው 95 በመቶውን ያህል ነው። የቀረችው ጠርዝ ውስጥ የሌላ ፎቶ አንሺ ክርን፣ የዳሱ ብረት፣ የጃንጥላ ጫፍ ይገባና ኤዲት ስትቀመጡ ነው የምታገኙት። ዲ7200 እና 80ዲ ወደ 100 በመቶ ያሳያሉ፤ ምስሉም ሰፋና ደመቅ ብሎ ነው የሚታየው።

ቀን ላይ ፎቶ የምታነሱም ትጠቀማላችሁ። የእኛ ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የስድስት ሰዓት ፀሐይ ርኅራኄ የለውም። ወዳጅነት ፓርክ ውስጥ ሙሽራዋን በኤፍ 1.8፣ በአይኤስኦ 100፣ በጠራራው ልታነሱ ብትሉ ወደ 1/8000 የሚጠጋ የሻተር ፍጥነት ያስፈልጋችኋል። ዲ3200 የሚያቆመው 1/4000 ላይ ነው፤ ፎቶው ከልክ በላይ ይነጣል። ዲ7200 እና የካኖኖቹ 70ዲ እና 80ዲ 1/8000 ይደርሳሉ። ዲ3200 ፈጣን ሻተር ከፍላሽ ጋር ማጣመርም አይችልም፤ ከ1/200 በላይ ከፍላሽ ጋር አይሄድም። በጠራራ ፀሐይ የዓይን ሥር ጥላን በፍላሽ መሙላት ለለመደ ሰው ይህ ቦዲ ለመቀየር ራሱን የቻለ ምክንያት ነው።

ሁለት የሚሞሪ ማስገቢያ

ሠርግ የምታነሱ ከሆነ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። አንድ የማውቀው ልጅ የቅልቅል ቀን ሙሉ ሠርቶ ማታ ሚሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ሲሰካው አልከፍትም አለው። ርካሽ ሚሞሪ ነበር። የሙሽራዋ እናት ፊት ቆሞ ምን እንዳለ ሲነግረኝ እኔም አብሬው ነው ያለቀስኩት። ዲ7200ን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ሁለት ኤስዲ ይይዛል፣ ሁለተኛውን «ባክአፕ» ላይ ካደረጋችሁት እያንዳንዱ ፎቶ በአንድ ጊዜ ሁለቱም ላይ ይጻፋል።

ከእሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው ዲ7500 አዲስ ስለሆነ ብቻ ይበልጣል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ስክሪኑ ይታጠፋል፣ በሰከንድ 8 ፎቶ ያነሳል፣ ነገር ግን ማስገቢያው ወደ አንድ ወርዷል። 70ዲ እና 80ዲም አንድ አንድ ናቸው። ዲ7100 ሁለት ማስገቢያ አለው፤ ግን በሮው (ካሜራው ገና ያልሠራበት ጥሬ ፋይል) ደጋግማችሁ ስትተኩሱ ከ6 ፎቶ ገደማ በኋላ ይደናቀፋል፣ ዲ7200 ግን እስከ 18 ገደማ ይሄዳል።

የምትገዙትን ሚሞሪም ፈትሹ። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተብሎ ውስጡ ያን ያህል የማይዝ አለ። የሚሞሪን እውነተኛ መጠን የሚለኩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሙሉውን ሞልታችሁ መልሳችሁ አንብቡት።

ቪዲዮስ?

ቪዲዮም የምትሠሩ ከሆነ ዲ7200ን አልመክራችሁም። በስክሪኑ ሲሠራ ፎከሱ ወዲያና ወዲህ እያለ ይፈልጋል፣ ስክሪኑም አይታጠፍም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2013 በ70ዲ ያስገባው ዱዋል ፒክስል የሚባለው አሠራር የሰውን ፊት ለስለስ ብሎ ይከተላል፤ 80ዲ ላይ ደግሞ ድምፁን የምታዳምጡበት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም አለ። በፎቶ በኩል ግን 70ዲ ላይ ጥላ የሆነውን ክፍል ኤዲት ላይ ስታነሱት ኖይዙ ቶሎ ይወጣል፤ 80ዲ በዚህ ተሻሽሏል፣ ዲ7200 ደግሞ በጣም ጎበዝ ነው።

ሚረርለስ፣ ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ የካሜራ ዓይነት፣ እያለ ይህን ሁሉ ለምን? ኒኮንም ካኖንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር (እስካሁን ያወራሁላችሁ ባለመስታወቱ ዓይነት) አላወጡም፣ እውነት ነው። እኛ ጋ ግን ለዲኤስኤልአር ሌንሱ ሞልቷል፣ የሚዋሰው ጓደኛም አይጠፋም። ባትሪውም ይቆያል፤ ዲ7200 በአንድ ቻርጅ በካሜራ አምራቾች የጋራ መመዘኛ 1,110 ፎቶ ተቆጥሮለታል። መብራት ጠፍቶ በሚያድርበት ሰሞን ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ስትገዙ

አዲስ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ የምትገዙት ያገለገለ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ ወዲህ የዓምናን ዋጋ ይዞ መከራከር ስለማያዋጣ፣ በዚያው ሳምንት ሦስት አራት ሻጭ ጠይቁ። የፒያሳ ብዙ ቤት በ2016 ፈርሶ ነጋዴው ወዲያና ወዲህ ስለተበተነም ሱቅ ለሱቅ ከመዞራችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ቴሌግራም ላይ ያያችሁትን ደግሞ ካሜራውን በእጃችሁ ሳትይዙ ቀብድ አትላኩ።

ስትሄዱ የራሳችሁን ሚሞሪ፣ የራሳችሁን ሌንስና ከተገኘ ላፕቶፕ ያዙ። ባለሱቁን በትሕትና ጠይቁት፤ «ወንድሜ፣ ደጅ ወጥቼ በብርሃን ልሞክረው፣ ልጁም አብሮኝ ይቁም» ስለው እምቢ ያለኝ ጥቂት ነው። «እህቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል፣ እኔ ዋስ ነኝ» ካለና ካላስሞከረ አመስግኜ እወጣለሁ።

ደጅ ስትወጡ ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ሰማዩን አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራው ይጸዳል፣ ቦታውን የማይለቅ ጭረት ግን አይጸዳም። ቀጥሎ የሌንሱን ክዳን ገጥማችሁ ሁለት ሰከንድ በሚቆይ ሻተር አንሱ፤ ጥቁሩ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ከበዙ ሴንሰሩ ደክሟል። በ1/8000 ደጋግማችሁ ተኩሱና በፎቶው አንድ ጎን ጥቁር ጥላ ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ከታየ ሻተሩ እያለቀ ነው።

ፎከሱን የምፈትነው በታክሲ ነው። ከማዘጋጃ ቤት በታች ቸርችል ጎዳና ዳር ቆሜ፣ ካሜራውን የሚንቀሳቀስ ነገር የሚከተልበት ሞድ ላይ አድርጌ፣ ዳገቱን ወደ እኔ የሚወጣውን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በተከታታይ አነሳለሁ። ከዚያ የታርጋውን ቁጥር በየፎቶው አጉልቼ አያለሁ። አንዱ ሁለቱ ቢደበዝዝ ግድ የለም። ከግማሽ በላይ ከደበዘዘ በሌላ ሌንስ እደግማለሁ፤ ያኔም ካልተስተካከለ ካሜራውን እመልሳለሁ። ቤተ መንግሥቱና መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አጠገብ ግን ለሙከራ ብላችሁ ካሜራ አታውጡ፤ ትልቅ ካሜራ የጥበቃ ዓይን ይስባል።

የሻተር ካውንቱን፣ ማለትም ካሜራው እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተኮሰ፣ ጠይቁ፣ ግን በቃል አትመኑ። ኒኮን እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ይጽፈዋል፤ ያነሳችሁትን ጄፔግ የሚያነብ ፕሮግራም ቁጥሩን ያወጣላችኋል። ካኖን አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ላይ ስለማይጽፈው ካሜራውን በገመድ ከላፕቶፕ ማገናኘት ያስፈልጋል። የዲ7200 ሻተር ለ150 ሺህ፣ የ80ዲ ለ100 ሺህ ተኩስ የተፈተነ ነው። ያ ቁጥር ሲደርስ ይቆማል ማለት አይደለም፤ ዋጋ ስትከራከሩ ግን መያዣ ይሆናችኋል። በተለይ የሠርግ ፎቶ አንሺ የያዘው ከሆነ ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ቢሆንም በደንብ የተያዘ የሠርግ ካሜራ መሳቢያ ውስጥ ከተረሳው ይሻለኛል።

ባትሪውን በሜኑ ውስጥ እዩ። ዲ7200 የባትሪ መረጃ የሚል ቦታ አለው፤ ዕድሜውን ከ0 እስከ 4 ያሳያል፣ 4 ከሆነ አዲስ ባትሪ ዋጋው ላይ ጨምራችሁ አስቡ። 70ዲ እና 80ዲም የባትሪውን አቅም በሦስት ደረጃ ያሳያሉ። ሁለቱንም የሚሞሪ ማስገቢያዎች ለየብቻ ሞክሩ። ሌንስ አብሮ ካለ የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ ውስጡን እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ተዉት።

ከተስማማችሁ የካሜራው መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝና የጥቂት ቀን መሞከሪያ ጊዜ ጠይቁ።

ከገዛችሁ በኋላ

ወዲያው ሠርግ ላይ ይዛችሁት አትውጡ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ፎከሱን አረጋግጡ፦ አዲስ ዘመን ጋዜጣን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ ካሜራውን በሦስት እግር ላይ አድርጋችሁ በሰያፍ ከላይ አነጣጥሩ፣ ሌንሱን እስከ ኤፍ 1.8 ከፍታችሁ መሃል ካለው አንድ ርዕስ ላይ ፎከስ አድርጉ። ጥርት ብሎ የወጣው የመረጣችሁት መስመር ሳይሆን ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ከሆነ፣ ዲ7200ም ሆነ 70ዲ እና 80ዲ ሜኑ ውስጥ ለየሌንሱ ከ-20 እስከ +20 የሚስተካከል ቦታ አላቸው። በመነሻ ካሜራዎቹ ዲ3200 እና 600ዲ ላይ ይህ አልነበረም።

ዲ7200 ላይ የራሳችሁን ቅንብር የምታስቀምጡባቸውን ዩ1 እና ዩ2 የተባሉትን ሁለት ቦታዎች ሙሉ። የእኔ ዩ1 ለቤተ ክርስቲያን ነው፦ ማኑዋል፣ አይኤስኦ አውቶ እስከ 6400፣ ፎከሱ ተከታታይ። ዝግ ድምፅ ያለውን የኪው ሞድ ግን ዩ1 ስለማይዘው ለብቻው በመዞሪያው እመርጠዋለሁ። ዩ2 ለደጅ ነው። ኪውም ቢሆን ፍላሽም ቢሆን ከመጠቀማችሁ በፊት ቅዳሴ ላይ ካሉት አባት አንዱን «ይፍቱኝ አባቴ፣ እዚህ ድረስ ብቀርብ፣ ፍላሽ ባበራ ይፈቀዳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚፈቅዱም የማይፈቅዱም አሉ።

የብርሃን ልኬታችሁን በነጠላ ፈትኑ። ነጭ የሐበሻ ልብስ ለብሰው የተሰበሰቡ ሰዎችን ካሜራ በራሱ ሲለካ ነጩ አታሎት ፎቶውን ያጨልመዋል፤ እናንተ ፊቱን ልታበሩ ስትሉ ደግሞ ነጠላው ይቃጠላል። ዲ7200 ሜኑ ውስጥ የተቃጠለው ክፍል ብልጭ ድርግም እንዲል የሚያደርግ ማሳያ አለ፤ ክፈቱት። እኔ የማየው ጥለቱን ነው። ፎቶውን አጉልቼ የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ከታየ፣ ከጎኑ ያለው የነጠላው ሽመናም ካልጠፋ፣ በሮው ስላነሳሁት ፊቱን ኤዲት ላይ እስከምፈልገው ድረስ አነሳዋለሁ። ክሩ ወደ አንድ ነጭ ከተደፈነ ግን ምንም ፕሮግራም አይመልሰውም፤ ሻተሩን አንድ ሁለት ደረጃ አፍጥኜ እደግመዋለሁ። የቆየ ላይትሩም (የፎቶ ኤዲት ፕሮግራም) የዲ7200ን ሮው ላይከፍት ስለሚችል ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ፋይል ከፍታችሁ አረጋግጡ።

አሮጌውን አትሽጡት። ዲ3200 ዛሬም 35ውን ገጥሜ በሁለተኛ ትከሻዬ የምይዘው እሱን ነው፤ ዋናው ካሜራ ላይ ረጅሙ ሌንስ ሲሆን ሰፊውን ይይዝልኛል። ባትሪዎቻቸው አይለዋወጡም፤ የዲ3200ው ኢኤን-ኢኤል14፣ የዲ7200ው ኢኤን-ኢኤል15 ስለሆነ ሁለት ቻርጀር ትይዛላችሁ፣ በላያቸው በፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው። ከሥራ በፊት ደግሞ የሁለቱን ካሜራ ሰዓት አንድ ላይ አስተካክሉ። በኢትዮጵያ ሰዓትም ሆነ በፈረንጅ ሰዓት ብታደርጉት ለውጥ የለውም፣ ሁለቱም አንድ ይሁኑ ብቻ፤ ካልሆነ ኮምፒውተር ላይ በሰዓት ስትደረድሯቸው ሙሽራዋ ቬሎ ለብሳ ከወጣች በኋላ ስትኳኳል ትታያለች።